ማበጠሪያው ላይ የቀረው

ደንበኞቼ ፊት ለፊት አያወሩኝም። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል ካደረግኩላቸው በኋላ፣ ዓይናቸውን መስታወቱ ላይ ተክለው የሆዳቸውን ይዘረግፉታል። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ባሏ የሸሻት፣ አማቷ ያንገበገበቻት፣ አለቃዋ ዓይንሽ ላፈር ያላት፣ ሁሉም እዚህ መጥታ አራግፋ ነው የምትሄደው። የሰማሁትን ደግሞ ለማንም አላወራም፤ በዚህ ማንም አያማኝም። ለስንቱ ስሰማ ኖሬ «አንቺም የሚሰማሽ ሰው ፈልጊ» ስባል ግን የሰደቡኝ እንጂ የመከሩኝ አልመሰለኝም።

ነገሩ የመጣው በሚጣ ፀጉር ነው።

ሚጣ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ታማ ብዙ ተሰቃይታ ባለፈው ዓመት አረፈች። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕቃ ሲያመላልስ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሚጣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ፀጉሯ ቁርጥ የእናቷ ነው፤ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃ ሲነካው ጥቅልል የሚል። ሰዉ ሁሉ «አክስቷ ፀጉር ሠሪ፣ እሷ ይሄን የመሰለ ፀጉር፣ ምን ጎደላት!» ይላል። የጎደላትን የማውቀው እኔ ነኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያንን ፀጉር ከአንድ ጊዜ በቀር ነክቼው አላውቅም።

እጄ እምቢ አለኝ። የሌላውን ሰው ሁሉ አበጥራለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ቢጎዲን እጠቀልላለሁ። ሚጣ ማበጠሪያ ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ጣቶቼ ድርቅ ይላሉ፣ «ቆይ የኔ እናት፣ ደንበኛ አለብኝ» ብዬ እሸሻለሁ። ዝር የሚል ሰው በሌለበት ቀን እንኳ ደንበኛ አለብኝ እላለሁ። ይሄ ሲደጋገም ልጅቷ ማምጣቷን ተወችው። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የምታበጥራት ሬዲዮ ሆነች።

ሬዲዮ ጥፍር ሠሪያችን ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞች ናቸው፤ ጠዋት ከገባች ጀምሮ እስክንዘጋ ድረስ አፏ አያርፍም። የሰማችውን ሁሉ ታስተላልፋለች፤ ያልሰማችውንም ጨምራ። ጥፍር ላይ እጇን የሚያህል የለም፤ ፀጉር ላይ ግን አልጋ የምታነጥፍ ይመስል ከላይ ከላይ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ነው የምትተወው። ከሥር ያለው እየተቋጠረ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ የእህቴ ባል ከመንገድ መጣ። ልጁን አቅፎ ሳማትና እጁን አናቷ ላይ ሲያሳርፍ ጣቶቹ ቋጠሮው ውስጥ ተያዙ። ቀስ ብሎ አወጣቸው። ሚጣ ወደ ውጭ ስትወጣ በሩን ገርበብ አደረገው።

«እህቴ፣ እኔ አንቺን ክፉ አልናገርሽም» አለኝ። «ለእናቷ የሆንሽላትን አይቻለሁ። ግን ልጄን ትሸሻታለሽ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ዓይኔ ነዋ። ስትጠጋሽ ትነሻለሽ። ትጸየፊያታለሽ አልልም፤ ብቻ በሚቀጥለው ስመለስ እናቴ ጋ ልወስዳት ነው። እዚያ ቢያንስ የሚዳስሳት ሰው ታገኛለች።»

ደሜ ፈላ። ማን አስታመመ፣ ማን አጠበ፣ ማን ቀበረ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ፀጉሯን አይቷል። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሚጣ ከሄደች ከእህቴ የቀረኝ ነገር ሁሉ ሄደ ማለት ነው፤ ደግሞ የምታባርራት የራሴ እጅ ናት።

ሬዲዮ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። እሷ የማትሰማው ነገር መቼ አለ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይቀባበለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ የጥፍር መሞረጃዋን አስቀምጣ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ድምጿን እንዲያ ዝቅ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም።

«እኔ የምሄድባት ሴትዮ አለች» አለችኝ።

«የምን ሴትዮ?»

«የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ልጄ ከሞተ ጊዜ ጀምሮ እሄዳለሁ።»

ደርቄ ቀረሁ። ጎን ለጎን ስንሠራ ስንት ዓመታችን፤ ሬዲዮ ልጅ ወልዳ እንደነበር አላውቅም ነበር። የአገሩን ወሬ ሁሉ ስታወራ ይሄኛውን አንድም ቀን ትንፍሽ ብላው አታውቅም። እጇን ያዝኩት።

«እና እዚያ ምን ይደረግልሻል?» አልኳት።

«ምንም። ትቀመጫለሽ፣ ታወሪያለሽ።»

«ለማውራትማ አንቺ እዚህ ምን ጎደለሽ!»

ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በፎጣ ጠረገች። «እዚህማ የማወራው ያንን ላለማውራት ነው» አለችኝ። የሴትየዋን ስልክ ቁጥር የሰጠችኝ ያን ዕለት ነው።

የቀጠሮዬ ቀን ፀጉሬን አሳምሬ ተሠርቼ፣ የክት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። አበደች እንዳልባል መሰለኝ። የጠበቅኩት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ ጋደም የሚባልበት ሶፋና የሆነች የእንቅልፍ ኪኒን ነገር ነበር። ክፍሉ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው፤ የጥርስ መቦርቦሪያው ድምፅ ከታች ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበርና የውሃ ጠርሙስ አለ። ከውስጥ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበሮች ገደድ ብለው ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ሶፍትና ሁለታችንም የምናየው ሰዓት። መስኮቱ ከጎን ካለው ሕንፃ ጥቁር ግድግዳ ጋር ተፋጧል። ሶፋ የሚባል የለም።

አማካሪዋ በዕድሜ እኩያዬ ትመስላለች። ከመቀመጧ በፊት ፀጉሯን ገምግሜ ጨርሻለሁ፤ ቀለሙ ከሥሩ ለቆ ሽበቱ ወጥቷል፣ የከፈለችበትም መስመር ለፊቷ አይሄድም። ይሄ ትንሽ ደስ አሰኘኝ።

«አንቺ ልበልሽ ወይስ እርስዎ?» አለችኝ።

«አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ስባል የሆነ ሰው ቢሮ ገብቼ የተቆጡኝ ይመስለኛል።»

ፈገግ አለች። «እሺ። ከመጀመራችን በፊት ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ያስፈልግሻል ብዬ ካሰብኩ ወደሚያዝልሽ ሰው እልክሻለሁ። የምትነግሪኝ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ለሕይወትሽ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት ከሰጋሁ ብቻ ነው ለሌላ የምናገረው፤ ያኔም አስቀድሜ አንቺን አናግርሻለሁ። የምጠይቅሽን ሁሉ መመለስ የለብሽም። አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ከመጣሽበት ብሶብሽ ልትሄጂ ትችያለሽ፤ ያኔ አትደንግጪ። አልተስማማሽኝም የምትይኝ ከሆነም ንገሪኝ፣ አልቀየምም፤ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

እኔም ቀለም ከመቀባቴ በፊት «ትንሽ ያቃጥልሻል፣ ካልቻልሽው ንገሪኝ፣ አጥበዋለሁ» እላለሁ። ለእኔም የተባለልኝ ያው ነው። ብቻ ብሶብኝ የምመለስ ከሆነ ምን ልሠራ መጣሁ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ከዚያ የለመድኩትን አደረግኩ። ሰው ወንበር ላይ ሲደነግጥብኝ ስለ ልጆቹ ነው የምጠይቀው፤ ስለ ልጁ ተጠይቆ የማይለሰልስ የለም።

«ልጆች አሉሽ?» አልኳት።

«ስለ እኔ ብታውቂ ምን የሚቀልሽ ይመስልሻል?» አለችኝ።

ደንበኛዬ እንዲህ ብትመልስልኝ ግማሽ ፀጉሯን ሠርቼ ነበር የማባርራት። ሌላም ሞከርኩ፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ታችኛው ሰውዬ መቦርቦሪያ፣ ለፀጉሯ ስለሚስማማው ቀለም። ሁሉንም በጨዋ ደንብ ተቀብላ መልሳ እኔው እጅ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሲደክመኝ የሚጣን ነገር፣ አባቷ ያለኝን፣ እጄን ነገርኳት።

«እና ምን ላድርግ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እጅሽ ሲደርቅ ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

ዝም አለች። እኔ ሥራ ላይ ዝምታ የሚባል ነገር አላውቅም፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ይጮኻል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ሬዲዮ አለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዝምታው መጥቶ ጭኔ ላይ ቁጭ አለ። እሷ አልተጨነቀችም። እኔ ሶፍቱን ሳስተካክል፣ ቀሚሴን ሳስተካክል ሰዓቱ አለቀ።

ደረጃውን ስወርድ ተናድጄ ነበር። ቤት ስደርስ ደግሞ ምክንያቱን የማላውቀው ለቅሶ ልቡናዬ ድረስ ሞልቶ አላወጣ አላገባ አለኝ። ለሬዲዮ «ሴትየዋ ምንም አታውቅም፣ ስትጠይቅ ብቻ ነው የምትውለው» አልኳት። «እኔም ያልኩት እሱን ነበር» አለችና የደንበኛዋን ጥፍር መሞረዱን ቀጠለች።

ቢሆንም በሳምንቱ ሄድኩ፤ የሚጣ አባት እየመጣ ነው፣ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ። ያን ቀን አውርቼ አላባራሁም። ባሏ ስለከዳት ደንበኛዬ፣ በየወሩ ቀለም ስለምትቀያይረው፣ ሠርጓ ዕለት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አልሄድም ስላለችው ሙሽራ፤ ስም ሳልጠራ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አማካሪዋ ሙሽራዋ ላይ ሳቀች ሁሉ። አሁን ገና ተግባባን ብዬ ዘና ስል ጠየቀችኝ፦

«በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንቺ የት ነሽ?»

«ከኋላ ቆሜያለሁ» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ስወጣ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። «አታበጥሪያት» አለችኝ። «ማበጠሪያዋን ብቻ የምታዪው ቦታ አስቀምጪው። ስታዪው ምን እንደሚሰማሽ ልብ በይ፤ ሌላ ምንም አታድርጊ።» እኔን፣ ማበጠሪያ ሳይ የምውለውን ሴት፣ ማበጠሪያ ተመልከቺ አለችኝ። ግን የሚጣን ማበጠሪያ፣ ያቺን ጥርሰ ሰፊዋን ቢጫ፣ ከመሳቢያ አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ሳያት ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ። ይሁን ብዬ ተውኳት።

በማግስቱ የለችም። ሬዲዮ ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አልወሰደችም። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠየቅኳት።

«ደብቄዋለሁ» አለችኝ፣ ጫማዋን እያየች።

«ለምን የኔ እናት?»

«እንዳታዪው።»

«እኔ? ለምን አላየውም?»

ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። ማታ አልጋዋን ሳነጥፍ ፍራሿ ሥር አገኘኋት። የተጸየፍኳት መስሏታል ብዬ አንጀቴ አረረ። ልጅ በራሷ ፀጉር አፍራ ማበጠሪያ ስትደብቅብኝ፣ ያውም እኔ ቤት! አባቷ ልክ ነው፣ ይውሰዳት፣ ከእኔ ጋር ልጅ አያድግም ብዬ ወሰንኩ። ወስኜም አልተኛሁም። በዚያው ሰሞን ደውሎ «እሁድ እመጣለሁ፣ ዕቃዋን ሰብሰብ አድርጊልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከእሁዱ በፊት አንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ልቅርና ልገላገል ብዬ ነበር፤ ሬዲዮ ናት ጃንጥላ አስይዛ ያስወጣችኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ መብራት በርቷል፤ ውጭው ከመጨለሙ የተነሳ መስኮቱ መስታወት ሆኗል። ገብቼ ስቀመጥ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። እሷን በጀርባዬ ትቼ መስታወቱ ውስጥ አየኋት።

አማካሪዋ አላረመችኝም። ተነስታ የራሷን ወንበር ገፋ አድርጋ «እዚህ ልሁን?» አለችኝ።

«ትንሽ ወደ ኋላ» አልኳት።

ሄዳ ከትከሻዬ በስተኋላ ተቀመጠች። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ በምቆምበት ቦታ ሌላ ሰው ሆነ፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ለመስኮቱ ነገርኩት።

እህቴ የካንሰር መድኃኒቱ ሲጀመርላት ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። አንድ እሁድ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ በሆነበት ቀን፣ እጠቢኝ አለችኝ። አንገቷን መታጠቢያው ላይ አሳረፍኩላትና ሻምፖውን ሳሽ ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ እጄ ላይ ቀረ። መውረጃውን ደፍኖት ውሃው ሞላ። እንዳታይ ብዬ በአንድ እጄ አናቷን ይዤ፣ በሌላው እየለቀምኩ ቅርጫት ውስጥ እከትታለሁ፤ አፌ ደግሞ ስለማይረባ ነገር ያወራል። ወንበሩ ላይ ሳስቀምጣት መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት።

«ምን ሸፈንሽው?» አለችኝ። «ያንቺ ፊት አለ አይደል? እሱ ላይ ሁሉን አየሁት።»

የቀረውን በማሽን ላጨሁላት። ስጨርስ መላጣዋን በመዳፏ ዞር ዞር አድርጋ ዳሰሰችውና «በይ እንግዲህ፣ የሚጣን ፀጉር አደራ» አለችኝ። «አማቴ እጅ እንዳትጥይው። እሷ ስታበጥር ወለል የምትፈትግ ነው የሚመስላት።» ሁለታችንም ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያ ነው አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ።

«ከቀብሯ በኋላ ሰዉ ሁሉ ተበተነ» አልኩት መስኮቱን። «ሚጣ ማበጠሪያዋን ይዛ መጥታ ጉልበቴ መሃል ቁጭ አለች። አደራውን ልጀምር ብዬ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አንዴ ሳብኩ። ማበጠሪያው ላይ ጥቂት ፀጉር ቀረ።»

ማበጠሪያ ላይ ፀጉር ይቀራል። የማንም ይቀራል። ይሄን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስንቷን ደንበኛ «አትደንግጪ፣ የሚረግፈው ነው የረገፈው» ብዬ አረጋግቻለሁ። ያን ቀን ግን እውቀቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ያየሁት መታጠቢያውን ነው። ማበጠሪያውን ወርውሬ ብድግ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ካሳረፍኩ የእሷም ተነቅሎ እጄ ላይ የሚቀር ይመስለኛል።

አለቀስኩ። እህቴ ስትሞት ያላለቀስኩትን ለቅሶ ነው፤ ያኔ የሚታጠብ፣ የሚገነዝ፣ የሚሸኝ ነበረብኝ። አማካሪዋ አይዞሽ አላለችኝም። ሶፍቱን ጠጋ አድርጋ ከኋላዬ ተቀመጠች፣ በቃ። እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ።

ቆይታ «ሚጣስ ያን ቀን ምን ያየች ይመስልሻል?» አለችኝ።

«እንደተጸየፍኳት ነዋ። ማበጠሪያዋን ደብቃብኛለች እኮ።»

«ጠይቀሻታል?»

«ልጅ ናት፣ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?»

«እንግዲያው አናውቅም» አለችኝ፣ በቀስታ። «ያየችውን የምታውቀው እሷ ናት።»

እሁድ ጠዋት ከባድ መኪናው በራችን ላይ ቆሞ መንገዱን ግማሽ ዘጋው። የሚጣን ሻንጣ ራሴ ነኝ ያሰናዳሁት፤ በሩ ሥር አቁሜዋለሁ። የእህቴ ባል ገብቶ ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። እሱም ደስ እያለው አልነበረም የመጣው።

«ትንሽ ታገሠኝ» አልኩት።

«መንገዱ ሩቅ ነው እህቴ።»

«ለመንገዱም ቢሆን ፀጉሯ መበጠር አለበት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሄዶ ካስኩ ሥር ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አለ።

ሚጣን የደንበኛ ወንበር ላይ አውጥቼ አስቀመጥኳት። በእግሬ መርገጫውን እየረገጥኩ ከፍ አደረግኳት። ከዚያ ወንበሩን አዞርኩትና ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጠሁት። የሬዲዮን ትንሽ ዱካ ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው። በዚያ ወንበር ላይ ማንንም እንዲህ ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም። ቢጫዋ ማበጠሪያ ኪሴ ውስጥ አለች።

«ከመጀመራችን በፊት ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ» አልኳት። «ቋጠሮው ብዙ ስለሆነ ሊያምሽ ይችላል። ሲያምሽ አቁሚ በይኝ፣ አቆማለሁ። የምትነግሪኝን ሁሉ እሰማሻለሁ፣ አልቆጣሽም። ምናልባት አለቅስ ይሆናል፤ ካለቀስኩ ባንቺ አይደለም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ማበጠሪያሽን የወረወርኩት ለምን ይመስልሻል?»

ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ስላወቅሽ ነዋ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደምሞት።»

የአባቷ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ማን አለሽ የኔ እናት?»

«አንቺ ፀጉር ታውቂያለሽ» አለችኝ፣ ግልጽ የሆነ ነገር የምታስረዳኝ ያህል። «የእማዬም መጀመሪያ ማበጠሪያ ላይ ነው የቀረው። የኔንም አየሽውና ወረወርሽው። ሬዲዮ ስታበጥረኝም ይቀራል። እኔ እየሰበሰብኩ ኪሴ ውስጥ እከትተዋለሁ።»

«ለዚህ ነው ማበጠሪያውን የደበቅሽው?»

«አይተሽ እንዳታለቅሺ።»

እግዜር ይይልኝ። ይቺ ልጅ ስንት ወር ሙሉ ሞቷን ይዛ ትምህርት ቤት ስትመላለስ፣ እኔ የራሴን ፍርሃት ታቅፌ ደንበኛ አለብኝ እላለሁ። አባቷ አክስቷ ትሸሻታለች ብሎ ያስባል፣ እኔ የተጸየፍኳት መስሏታል ብዬ አስባለሁ፤ እሷን ግን አንዳችንም አልጠየቅናትም። ከአፌ ይልቅ እጄን ነው ያመነችው። ፀጉር አዋቂዋ አክስቷ አይታ ከወረወረች፣ አለቀላት ማለት ነዋ።

ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። «አትሞቺም» አልኳት። «አልታመምሽም። ያን ቀን የታየኝ እናትሽ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰማሽኝ? ፀጉርሽ ምንም አልሆነም።»

አላመነችኝም። ዓይኗ ላይ አየሁት። ልጅ በቃል አይታለልም፤ አንዴ ያየውን ነው የሚያምነው።

ስለዚህ የተሠራሁትን ፀጉሬን ፈታሁት። ማበጠሪያዋን ከኪሴ አውጥቼ ራሴን ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ አንዴ ሳብኩና ዓይኗ ሥር አደረግኩላት። ፀጉር ቀርቶበታል። አንዳንዱ ነጭ።

«ያንቺም ይረግፋል?»

«የማንም ይረግፋል። ና አንተ!» አልኩት አባቷን። መጥቶ ከወንበሯ ፊት ተንበረከከና አናቱን አጎነበሰ። ካለችው ጥቂት ፀጉር ላይ አበጠርኩለት፤ ከእሱም ቀረ።

«እሱማ ሳይበጠርም ይረግፍለታል» አልኩ። ሚጣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግ አለች። እሱም ሊስቅ ፈልጎ አቃተው፤ ፊቱን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ ቀረ። እጇን አናቱ ላይ አሳረፈች።

ማበጠሪያውን አጽድቼ ተነሳሁ። ወንበሩን አላዞርኩትም፤ እኔው ዞርኩ። እጄ ደረቀ። ደርቆም ቢሆን አነሳሁት። ከጫፉ ጀመርኩ፣ ቋጠሮውን በጣቶቼ እየፈታሁ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ። ሙቀቱ፣ ጠረኑ፣ እርጥብ ሳይሆን እንኳ ጣት ላይ የሚጠቀለልበት ሁኔታ፣ ሁሉም እህቴ ነበረች። ሥሩ ስደርስ ሳብኩና ማበጠሪያውን አመጣሁላት። አብረን አየነው። ጥቂት ፀጉር፣ ጥቁር፣ ረጅም።

«ያው እንደናንተ ነው» አለች ሚጣ።

«ያው ነው። ከሥሩ ሌላ እየበቀለ ነው።»

ከዚያ እንባዬ መጣ። ቆሜ አለቀስኩ፣ እጄ አናቷ ላይ እንዳለ። ሚጣ ወደ ላይ አንጋጣ አየችኝና እጇን ዘረጋች።

«አልቅሰሽ እስክትጨርሺ ማበጠሪያውን ልያዝልሽ?» አለችኝ።

ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

ውጭ አንድ መኪና መንገድ ተዘግቶበት ጥሩንባውን ያስጮኸዋል። የእህቴ ባል ተነሳ፣ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ሻንጣውን አነሳው። በአጠገባችን አልፎ ወደ ኋላ ክፍሎቹ ሄደ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። መኪናውን ሊያነሳ ወጣ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ ሚጣ።

«ለዛሬ ጨረስኩ።»

ማበጠሪያውን መለሰችልኝ። «እሺ፣ ቀጥዪ» አለችኝ።